ከስክሪኑ ወዲያ ያለው ማነው? በኦንላይን ቼስ አጭበርባሪን መያዝ ለምን ከበደ?

ሰፈር ውስጥ ዳማ ሲጫወቱ ቆሞ ያላየ የለም። ካርቶን ላይ በእስክሪብቶ የተሰመረ ሰሌዳ፣ የአንዱ ቆርኪ በጀርባው የሌላው በሆዱ ተገልብጦ፣ ዙሪያውን ደግሞ ከተጫዋቾቹ በላይ የሚጮኹ አምስት ስድስት ተመልካቾች። "ብላ እንጂ! ምን ታያለህ?" ይላል አንዱ። "ተው፣ ወጥመድ ነው" ይላል ሌላው። እዚያ ቦታ ማጭበርበር ከባድ ነው። ቆርኪ ሊሰርቅ የሚዘረጋን እጅ አስር ዓይን ይጠብቀዋል። ምክር ቢመጣም በአደባባይ ነው የሚመጣው፤ ሁለቱም እኩል ይሰሙታል።

አሁን ጨዋታውን ስልካችሁ ላይ አምጡት። ተጋጣሚያችሁ አንድ የመጠሪያ ስም፣ አንድ ባንዲራና አንድ ቁጥር ነው። ፊቱን አታዩም፣ እጁን አታዩም። በራሱ ጭንቅላት እየተጫወተ ይሁን ወይስ ከጎኑ ሌላ ስልክ ከፍቶ ከዓለም ሻምፒዮን የሚበልጥ ፕሮግራም እየጠየቀ፣ ማወቂያ የላችሁም። ሦስቴ ተከታትሎ ሲያሸንፋችሁ ግን ያቺ ስሜት ትመጣለች፦ "ይሄ ሰውዬ እየሸወደኝ ነው።"

ይሄ ጥርጣሬ ዛሬ የቼስን ዓለም ከሥሩ እየበላው ነው። ሻምፒዮኖችን አጣልቷል፣ የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ አስነስቷል፣ የንጹሃንንም ስም አጥፍቷል። ስለዚህ ዛሬ ሁለት ጥያቄ ይዘን እንነሳ። አጭበርባሪውን እንዴት መያዝ ይቻላል? እሱን ስናሳድድስ ንጹሁን እንዴት አንጎዳም? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

■ ሦስት ዓይነት ማጭበርበር፣ ሁለቱ መድኃኒት አላቸው

ሰዎች በርቀት ሲጫወቱ ሊሸዋወዱ የሚችሉት በሦስት መንገድ ነው።

አንደኛው ሕግ መጣስ ነው። ፈረስን እንደ ንግሥት ማስኬድ፣ የተበላን ጠጠር መልሶ ማስቀመጥ፣ ሁለት ጊዜ መጫወት። ይሄ ዛሬ አልቆለታል። ሰሌዳው ያለው በእናንተ ስልክ ላይ ሳይሆን በድርጅቱ ሰርቨር ላይ ነው። እናንተ "ይሄን ላንቀሳቅስ" ብላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ሕጉ ካልፈቀደ ሰርቨሩ እምቢ ይላል። ሙግት የለም።

ሁለተኛው ዕድል ያለባቸው ጨዋታዎች ላይ የሚመጣ ነው። ሉዶ የሚጫወት ሰው ሁሉ አንድ ቀን "ይሄ አፕ ለሱ ብቻ ነው ስድስት የሚሰጠው!" ብሎ ያውቃል። ዳይሱን የሚወረውረው ማነው? ከሁለት አንዳችን ብንወረውር ሌላው አያምንም። ድርጅቱ ቢወረውር ድርጅቱን ማመን ሊኖርብን ነው።

የሚገርመው ይሄ ጥያቄ ስማርት ስልክ ሳይፈጠር በፊት መልስ አግኝቷል። በ1981 ማኑዌል ብሉም የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቅ አንድ ጥያቄ አነሳ። በተለያየ ከተማ የሚኖሩ፣ የተፋቱና የማይተማመኑ ባልና ሚስት መኪናዋ ለማን እንደምትደርስ በስልክ ሳንቲም ወርውረው መወሰን ይችላሉ? መልሱ "አዎ" ሆነ።

ዘዴውን በዳይስ እንየው። እኔ ከ1 እስከ 6 አንድ ቁጥር በልቤ እይዝና በማይከፈት ሳጥን ቆልፌ እልክልሃለሁ። አንተም እንደዚሁ ታደርጋለህ። የሁለታችንም ሳጥን ከደረሰ በኋላ ብቻ ቁልፍ እንለዋወጣለን። የእኔ 4፣ ያንተ 5 ቢሆን ድምሩ 9 ነው። ከ6 ስለበለጠ 6 ቀንሱለት፣ ዳይሱ 3 ወጣ ማለት ነው። ሳጥኑ አንዴ ከተላከ ማንም ሐሳቡን መቀየር አይችልም፤ የሌላውንም ሳያይ ነው የመረጠው። እውነተኛው "ሳጥን" እርግጥ የሒሳብ ቀመር ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1979፣ አዲ ሻሚር፣ ሮናልድ ሪቨስትና ሊዮናርድ አድልማን ካርታ የሚያድል ሦስተኛ ሰው ሳይኖር በርቀት ካርታ መጫወት የሚቻልበትን መንገድ አሳይተው ነበር። እነዚህ ሦስት ሰዎች በስማቸው የመጀመሪያ ፊደላት የሚጠራውን የታወቀውን የምስጢር መቆለፊያ ዘዴም የፈጠሩ ናቸው።

ሦስተኛው ዓይነት ግን ሌላ ነው፦ ከውጭ እርዳታ መቀበል። አንድ ሰው ፈረሱን አነሳና አንድ ቦታ አስቀመጠ። እንቅስቃሴው ሕጋዊ ነው። በራሱ ጣት ነው የነካው። ሐሳቡ ከጭንቅላቱ ይምጣ ከሌላ ስክሪን፣ ወደ ሰርቨሩ የሚደርሰው መልእክት አንድ ዓይነት ነው። ለዚህ ቁልፍም ሳጥንም አልተገኘለትም። ዛሬ ዓለምን የሚያስጨንቀውም ይኸው ሦስተኛው ነው።

■ ሻምፒዮኑ ኪስ ውስጥ ገባ

ድሮም ቢሆን ከጎን የሚያንሾካሹክ አይጠፋም ነበር። ግን ከሻምፒዮን በላይ የሚያውቅ አንሾካሻኪ ከየት ይመጣል?

በ1997 ጋሪ ካስፓሮቭን ኒው ዮርክ ላይ 3.5 ለ 2.5 ያሸነፈው ዲፕ ብሉ የአይቢኤም ትልቅ ማሽን ነበር። ማንም ደብቆ ይዞት አይገባም። ዛሬ ስቶክፊሽ የሚባለው ፕሮግራም በነፃ ይወርዳል፣ ተራ ስልክ ላይ ይሠራል። የማግነስ ካርልሰን ከፍተኛ ሬቲንግ 2882 ነው፤ በ2014 የደረሰበትና በሰው ልጅ ታሪክ ትልቁ። ለስቶክፊሽ የሚሰጠው ግምት ከ3500 በላይ ነው። በቀላሉ ለመረዳት፣ በእነዚህ ሁለት መካከል ያለው ርቀት በካርልሰንና በአንድ ጠንካራ የክለብ ተጫዋች መካከል ካለው ጋር ይቀራረባል።

ቼስ ብቻም አይደለም። በ2016 አልፋጎ የተባለው ፕሮግራም የጎ ጨዋታ ባለታሪኩን ሊ ሴዶልን ሴኡል ላይ 4 ለ 1 አሸነፈ። ዳማማ የባሰ ነው። በ2007 የካናዳው አልበርታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአሜሪካኖቹን የ8 በ8 ዳማ እስከ መጨረሻው ፈተው ጨረሱት፤ ሁለቱም ወገን ሳይሳሳት ከተጫወተ ውጤቱ እኩል ለእኩል ነው።

ከዚያ 2020 መጣ። ወረርሽኙ ሁሉንም ቤት ዘጋበት፣ "ዘ ኩዊንስ ጋምቢት" የተሰኘው ተከታታይ ፊልም ሚሊዮኖችን ወደ ቼስ ሳበ፣ የገንዘብ ሽልማት ያላቸው ውድድሮችም ወደ ስክሪን ተዛወሩ። ፈታኝ የሌለበት ፈተና ማለት ነው፤ መልሱ ደግሞ ከተፈታኙ ጎን ተቀምጧል።

ውጤቱ ለመታየት ጊዜ አልፈጀም። በመስከረም 2020 የፕሮ ቼስ ሊግ ፍጻሜን ያሸነፈው የአርሜኒያ ቡድን ዋንጫው ተነጠቀ። ምክንያቱ የግራንድ ማስተር ቲግራን ፔትሮስያን ጨዋታዎች ናቸው። አዘጋጁ የፍትሐዊ ጨዋታ ሕግ ጥሰሃል ብሎ እስከ ዕድሜ ልክ አገደው፤ እሱ ግን አላጭበረበርኩም ባይ ነው። በዚያው ዓመት ደቡብ ኮሪያ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት የጎ ባለሙያ ተጫዋች በኦንላይን ግጥሚያ ሰው ሠራሽ አስተውሎት መጠቀሟ ተረጋግጦ ለአንድ ዓመት ታገደች። ልብ በሉ፣ እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አይደሉም፤ ያለ እርዳታም ብዙዎቻችንን ዓይናቸውን ጨፍነው የሚያሸንፉ ናቸው።

■ ዓለምን ያናወጠች አንዲት ጨዋታ

መስከረም 4 ቀን 2022፣ ሴንት ሉዊስ፣ አሜሪካ። የ19 ዓመቱ ሃንስ ኒማን በጥቁር ጠጠር ካርልሰንን አሸነፈ። በማግስቱ ካርልሰን ውድድሩን ጥሎ ወጣ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱ በኦንላይን ውድድር ሲገናኙ ካርልሰን አንድ ጊዜ ብቻ ተንቀሳቅሶ እጅ ሰጠና ስክሪኑን ዘጋ። ከኒማን ጋር አልጫወትም ማለቱ ነበር።

ኒማን በ12 እና በ16 ዓመቱ ኦንላይን ላይ ማጭበርበሩን በራሱ አንደበት አመነ፤ ፊት ለፊት በተደረገ ጨዋታ ግን በጭራሽ አላደረግሁትም አለ። በጥቅምት ቼስ ዶት ኮም ባለ 72 ገጽ ሪፖርት አወጣና ልጁ ከ100 በላይ የኦንላይን ጨዋታዎች ላይ ሳያጭበረብር እንዳልቀረ ገለጸ። ሴንት ሉዊስ ላይ አጭበርብሯል የሚል ቀጥተኛ ማስረጃ ግን አላቀረበም። ኒማን የ100 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ፣ ፍርድ ቤቱ በ2023 ክሱን ውድቅ አደረገው፣ በነሐሴ 2023 ወገኖቹ ተስማሙ። በስምምነቱ ካርልሰን በዚያች ጨዋታ ኒማን ማጭበርበሩን የሚያረጋግጥ ቁርጥ ያለ ማስረጃ እንደሌለ ተቀበለ። የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን ፊዴ ደግሞ ካርልሰንን ያለ በቂ ምክንያት ውድድር ጥለሃል ብሎ 10,000 ዩሮ ቀጣው።

ከዚህ ታሪክ የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ኦንላይን ላይ የተሠራ ጥፋት ስክሪኑ ውስጥ አይቀርም። ልጁ በ12 ዓመቱ የሠራው ነገር በ19 ዓመቱ ካደረገው ድል ጋር አብሮ ተነሳበት። በአንዱ ጥፋት ሌላውን ሁሉ የመጠርጠር በር አንዴ ከተከፈተ መዝጊያው አይገኝም።

■ እንዴት ነው የሚይዟቸው?

ድርጅቶቹ ሙሉ ዘዴያቸውን አይናገሩም። ግን ዋና ዋናዎቹ ፍንጮች ይታወቃሉ።

▪ ከፕሮግራሙ ጋር መመሳሰል፦ ጨዋታው ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በኢንጂን ይመረመራል። ሰው ይሳሳታል፤ ሬቲንጉ 1200 የሆነ ሰው ደግሞ ደህና አድርጎ ይሳሳታል። ያ ሰው በ20 ጨዋታ አንድም ስህተት ካልሠራ ጥያቄ ይነሳል። ግን ቀላል ቦታ ላይ ትክክለኛውን ማግኘት ማስረጃ አይሆንም። ንግሥትህ ልትበላ ስትል ማሸሽ ሁሉም ያውቃል። ክብደት የሚሰጠው ሰው የማያያቸውን እንቅስቃሴዎች ደጋግሞ ለሚያይ ነው።

▪ ሰዓት፦ እውነተኛ ተጫዋች ቀላሉን ቶሎ ይጫወታል፣ ከባዱ ላይ ይቆያል፣ አንዳንዴም ይደነግጣል። አጭበርባሪው ግን ግልጽ የሆነውንም ውስብስቡንም ስድስት ስድስት ሰከንድ እየወሰደ ይጫወታል። ጠይቆ፣ አይቶ፣ ነክቶ የሚፈጅበት ጊዜ እኩል ስለሆነ ነው።

▪ ከገጹ መውጣት፦ በየተራው ጨዋታውን ትቶ ሌላ ገጽ ከፍቶ የሚመለስ ሰው አሻራ ይተዋል። ሌላ ስልክ የሚጠቀመው ግን ይህንን ያመልጣል።

▪ ታሪክ፦ ሬቲንግ በአንድ ሳምንት ውስጥ 600 ሲዘል፣ አንድ ቀን ጀማሪ ሌላ ቀን ሊቅ የሚሆን አካውንት ሲገኝ።

በዚህ ዘርፍ ስሙ የሚነሳው ኬኔት ሬጋን በአሜሪካው ቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ሳይንስ ፕሮፌሰር ነው፤ ራሱም ኢንተርናሽናል ማስተር ነው። የእሱ ሞዴል የሚጠይቀው ግልጽ ነገር ነው። በዚህ ሬቲንግ ያለ ሰው በእነዚህ ቦታዎች ስንት ጊዜ ትክክለኛውን ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል? ያገኘውስ ስንት ነው? ልዩነቱ በዕድል ሊመጣ የሚችለው ከስንት አንድ ጊዜ ነው?

ችግሩ ብልጡ አጭበርባሪ ጋ ነው። ጥሩ ተጫዋች ሙሉ ጨዋታ መኮረጅ አያስፈልገውም። በአንድ ጨዋታ አንድ ጊዜ "እዚህ ጋ ቆም በል፣ የሆነ ነገር አለ" የሚለው ካገኘ ይበቃዋል። የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል። ከ40 እንቅስቃሴ ውስጥ አንዷን በስታቲስቲክስ ለይቶ ማውጣት ደግሞ ከጤፍ ክምር ውስጥ አንዲት ፍሬ መፈለግ ነው።

■ አንድ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ

"ታዲያ ማሽኑ የጠረጠረውን ሁሉ ለምን አያባርሩትም?" የሚል ይኖራል። እስኪ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የእኛን ቁጥሮች ተጠቅመን እናስላው።

አንድ ሚሊዮን ተጫዋች አለ እንበል። ከመቶ አንዱ አጭበርባሪ ነው፤ 10,000 ሰው። መመርመሪያው ከአጭበርባሪዎቹ 90 በመቶውን ይይዛል፤ 9,000 ተያዙ። ጎበዝ ነው። ግን ከመቶ ንጹሃን አንዱን ብቻ ይሳሳታል እንበል። ንጹሃኑ 990,000 ናቸው፤ ከመቶ አንዱ 9,900 ይሆናል።

አሁን ደምሩት። የተጠረጠሩት 18,900 ናቸው። ከግማሽ በላዩ ምንም ያላደረገ ሰው ነው! "99 በመቶ ትክክል" የሚባለው መሣሪያ ከሚያባርረው ሰው የሚበዛው ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ስህተቱን ከ10,000 ወደ አንድ ብታወርዱት እንኳ 99 ንጹሃን ይቀራሉ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፣ ከ99ኙ አንዱ እናንተ እስክትሆኑ ድረስ።

ስለዚህ ጥንቃቄ የሚያደርግ ድርጅት መስፈርቱን ከፍ ያደርጋል። መስፈርቱ ከፍ ሲል ብልጡ ያመልጣል። ዝቅ ሲል ንጹሁ ይቀጣል። ከዚህ አጣብቂኝ የሚያወጣ ቀመር የለም፤ የምትመርጠው የትኛውን ስህተት እንደምትሸከም ብቻ ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ የምናውቀው የቆየ ጥያቄ ነው፣ አሁን ስልክ ውስጥ ገባ።

■ ጥርጣሬ ሰው ሲያቆስል

ሒሳቡን ትቶ በጥርጣሬ ብቻ መፍረድ የት እንደሚያደርስ ያየነው በቅርቡ ነው።

ቭላድሚር ክራምኒክ ከ2000 እስከ 2007 የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ሰው ነው። ባለፉት ዓመታት በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የብዙ ተጫዋቾችን የኦንላይን ውጤት እየለጠፈ ጥያቄ ሲያነሳ ቆየ። ከእነዚህ አንዱ አሜሪካዊው ግራንድ ማስተር ዳንኤል ናሮዲትስኪ ነበር። ዳንኤል በቪዲዮዎቹ ለብዙ ሺህ ጀማሪዎች በትዕግሥት ቼስ ያስተማረ፣ በፈጣን ጨዋታ ከዓለም ምርጦች አንዱ የነበረ ወጣት ነው። ማጭበርበሩን ያረጋገጠ አካል አልነበረም። ከጥቅምት 2024 ጀምሮ ግን ጥርጣሬው አልለቀቀውም። በመጨረሻዎቹ ስርጭቶቹም ይህ ነገር ምን ያህል እንደከበደው፣ ጥሩ በተጫወተ ቁጥር ሰዎች ክፉውን እንደሚያስቡ ሲናገር ተሰምቷል። በጥቅምት 2025 በ29 ዓመቱ አረፈ።

የሞቱን ምክንያት ከክሱ ጋር ማያያዝ የእኛ ሥራ አይደለም። ግን የመጨረሻ ዓመቱን ያለ ማስረጃ ስሙን ሲከላከል ማሳለፉ እውነት ነው። ከሞቱ በኋላ ፊዴ የክራምኒክን አድራጎት ወደ ሥነ ምግባር ኮሚሽን መርቷል። ክራምኒክ በበኩሉ ጥፋት እንዳልሠራ ይናገራል።

አንድ ነገር እንጨምር። በ2006 ኤሊስታ ላይ ለዓለም ሻምፒዮንነት ሲጫወት ተከሳሹ ክራምኒክ ራሱ ነበር። የተጋጣሚው የቬሴሊን ቶፓሎቭ ቡድን "መጸዳጃ ቤት አበዛ" ብሎ አመለከተ፣ የግል መጸዳጃ ቤቱ ተዘጋበት፣ በቁጣ አንድ ጨዋታ ሳይጫወት ቀርቶ ነጥብ አጣ። በመጨረሻ ግን ሻምፒዮን የሆነው እሱ ነው። ያለ ማስረጃ መጠርጠር ምን እንደሚመስል ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጥርጣሬ እንዲህ ነው፤ ትናንት የተወጋበትን ሰው ዛሬ ወጊ ያደርገዋል።

■ ካሜራ ይግጠሙ? ለማን?

አሁን እየመጣ ያለው መፍትሔ ቁጥጥር ነው። ሽልማት ባላቸው የኦንላይን ውድድሮች ተጫዋቹ ካሜራ ያበራል፣ ስክሪኑን ያጋራል፣ አንዳንዴም ከጎንና ከኋላ የሚያሳይ ሁለተኛ ካሜራ ያስቀምጣል። ቼስ ዶት ኮም ኮምፒውተሩን የሚከታተል ፕሮክተር የሚባል ሶፍትዌርም አምጥቷል። ሽልማት ባለበት ቦታ ይህ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን።

ግን ከእኛ አገር ሆናችሁ እዩት። ኮምፒውተር፣ ሁለት ካሜራ፣ ጸጥ ያለ ክፍል፣ ለሰዓታት የማይቆራረጥ ኢንተርኔት። ጅማ ወይም ደሴ ሆኖ በአንዲት ስልክና በካርድ ዳታ ለሚጫወት ልጅ ይህ የማጭበርበር መከላከያ ሳይሆን የተዘጋ በር ነው። መሀል ላይ መብራት ቢሄድስ? ኔትወርክ ቢቆረጥስ? ካሜራው ሲጠፋ "ምን ደበቀ?" መባሉ ይቀራል?

ይህ ምናባዊ ጭንቀት አይደለም። በነሐሴ 2020 የመጀመሪያው የኦንላይን ኦሎምፒያድ ፍጻሜ ላይ ሕንድና ሩሲያ ሲጫወቱ ዓለም አቀፍ የኢንተርኔት መቋረጥ ደረሰና የሕንድ ተጫዋቾች ከጨዋታው ወጥተው በሰዓት ተሸነፉ። ሕንድ አቤት አለች፣ ፊዴም ወርቁን ለሁለቱም ሰጠ። ለሕንድ የሚጮኽላት ፌዴሬሽንና መቶ ሚሊዮኖች ነበሯት። ብቻውን ለሚጫወተው የደሴ ልጅ ማን ይጮኽለታል?

እዚህ ጋ ነው ትልቁ ጉዳይ ያለው። አካውንት መዝጋት ዛሬ ፍርድ ነው፤ ዳኛው የግል ድርጅት፣ ማስረጃው ምስጢር፣ ይግባኙ ኢሜይል። ድርጅቶቹ ዘዴያችንን ከተናገርን አጭበርባሪው ይማርበታል ይላሉ፤ ይህም እውነት አለው። ግን ጨርሶ የማይታይ ፍርድን ማመን ይከብዳል። ሊቼስ የተባለው ለትርፍ ያልቆመ ድረ ገጽ ኮዱን ለሁሉም ክፍት አድርጎ ይሠራል፣ አጭበርባሪን ለመለየት የሠራቸውን ፕሮግራሞች ሳይቀር ይፋ አድርጓል። ስለዚህ ሁሉም ነገር የግድ ምስጢር መሆን እንደሌለበት የሚያሳይ ምሳሌ አለ።

■ ታዲያ ምን ይሻላል?

እኛ እንዲህ እናያለን።

1. ትልቅ ገንዘብ ፊት ለፊት ይሁን። ይህ ተጀምሯል። የኦንላይን ውድድር የነበረው የስፒድ ቼስ ሻምፒዮና በ2024 የመጨረሻ ዙሮቹን ፓሪስ ላይ ተጫዋቾቹን ሰብስቦ አካሂዷል። በ2025 ሪያድ ላይ በኢስፖርትስ ዓለም ዋንጫ የ1.5 ሚሊዮን ዶላር ሽልማት የነበረው የቼስ ውድድርም አዳራሽ ውስጥ ነው የተካሄደው፤ ካርልሰን አሸነፈ። ኦንላይኑ ማጣሪያ ይሁን፣ ሽልማቱ ግን ዓይን ለዓይን ይወሰን። የድሮው የእኛ ሰንጠረዥም እንዲህ ነበር። ጨዋታው በ"ወረራ" ሲጀመር ተራ ጠባቂ የለም፣ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ሁለቱም እንደፈለጉ ያንቀሳቅሳሉ፤ የተጋጣሚህን እጅ ካላየህ መጫወት አትችልም።

2. የተቀጣ ሰው ምክንያቱን ይወቅ። ሙሉ ቀመሩን አይደለም፤ የትኞቹ ጨዋታዎች እንዳስጠረጠሩትና መልስ የሚሰጥበት ሰው። ይግባኙን የሚያየውም መጀመሪያ ከፈረደው የተለየ መሆን አለበት።

3. ለታዳጊ የመመለሻ መንገድ ይኑር። በ13 ዓመቱ የተሳሳተ ልጅ በ20 ዓመቱ ሌላ ሰው ነው። ጥፋቱን ላመነ ሁለተኛ ዕድል መስጠት ጥሩ ነው። ግን ያላጠፋ ሰው ለመመለስ ብሎ "አጥፍቻለሁ" እንዲል የሚያስገድድ እንዳይሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል።

4. እኛ ተጫዋቾቹስ? ስትጠረጥሩ ሪፖርት የሚለውን ተጫኑና ወደሚቀጥለው ጨዋታ እለፉ። የሰውየውን ስም ስክሪንሾት አድርጋችሁ ግሩፕ ላይ "ሌባ" ብላችሁ አትለጥፉ። ተሳስታችሁ ቢሆንስ? ጨዋታው ሳያልቅ ኢንጂን መክፈት ደግሞ "ለማየት ብቻ" የሚባል የለውም። ካለቀ በኋላ ክፈቱት፤ ያኔ አስተማሪ ነው። ስቶክፊሽ ያው ነው፣ መምህር ወይም መስረቂያ የሚያደርገው የምትጠይቁበት ሰዓት ነው።

በመጨረሻ ወደ ሰፈሩ ዳማ እንመለስ። እዚያ ማጭበርበር ያልተቻለው ሰዎቹ ቅዱሳን ስለሆኑ አልነበረም። ነገም እዚያው ካርቶን ዙሪያ ስለሚገናኙ ነው። የሸወደ ሰው ነገ የሚያጫውተው ያጣል። ስክሪኑ የወሰደብን ይህንን ነው። ካሜራውም ቀመሩም የተወሰነውን ይመልሱልን ይሆናል። ሙሉውን ግን አይመልሱም። ማንም በማያየን ሰዓት በራሳችን ጭንቅላት ለመጫወት፣ ስንሸነፍም "በልጦኛል" ለማለት የምንወስነው እኛው ነን።

እናንተስ? ኦንላይን ስትጫወቱ ያለ አግባብ ተጠርጥራችሁ ወይም አካውንታችሁ ተዘግቶባችሁ ያውቃል? ድርጅቶች የሚፈርዱበት ማስረጃ ይፋ መሆን አለበት ትላላችሁ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የተጋጣሚያችሁን ስም ግን አትጻፉ።